ሐሙስ ዕለት የት ነበርኩ

በዚህ አገር እንደ እኔ «ተጠንቀቅ» የቆመ ወታደር አልተፈጠረም፤ ወደፊትም ለመፈጠሩ እጠራጠራለሁ። ስቆም ከተረከዜ እስከ ማጅራቴ በቱምቢ የተለካሁ ነበር የምመስለው። ማሠልጠኛ እያለን አንድ ቀን ወፍ መጥታ ትከሻዬ ላይ አረፈች። በማግስቱ ጭራሮ ይዛ መጣች። አሠልጣኛችን ትንሽ ዘግይቶ «አሳርፍ» ቢል ኖሮ እንቁላል ጥላ ትፈለፍልብኝ ነበር። የማያምን ካለ በደሳ ከተማ ድረስ ሄዶ አብሮኝ የሠለጠነውን ጀማልን ይጠይቅ። ወይም ይቅርባችሁ፣ አትጠይቁት፤ ጀማል እውነት መናገር ይወዳል። ብቻ ይህ ቀጥ ብሎ መቆም በወጣትነቴ ያስመሰገነኝን ያህል ዛሬ ጉድ ሠርቶኛል። እግሬን ሊያስከፍለኝ ትንሽ ነው የቀረው።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ ሽታ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጭሮ መነኻሪያ በር ላይ፣ ሊስትሮዎቹ በሚደረደሩበት ጥግ፣ ከዘራዬን ተደግፌ ጀማልን እጠብቃለሁ። አንዱ ሊስትሮ የጥቁር ቀለሙን ቆርቆሮ ከፈተው። ሽታው አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ መነኻሪያው፣ ባጃጆቹ፣ የረዳቶቹ ጩኸት፣ ሁሉም ጠፋ። በዚያ ቀለም ስንት ቡትስ አብርቻለሁ! ከመተኛታችን በፊት ቡትሳችንን በጥጥና በምራቅ እያሸን፣ ጫፉ ላይ ጥርሳችንን እስክናይ ድረስ ነበር የምንወለውለው። ጀማል በቡትሴ ጫፍ ጺሙን ተላጭቷል ብል ዋሸህ ትሉኛላችሁ። እሺ፣ ጺም አልነበረውም።

ከዚያ በፊት ደግሞ ቡትስ የሚባል ነገር አናውቅም፤ ሸራ ጫማ ነበር የምናውቀው። ነጭ ሸራ፣ ሲቆሽሽ በጠመኔ የምንቀባው። ያኔ ከተማችንን አሰበ ተፈሪ ነበር የምንላት፤ እኔ አሁንም ስናደድ አሰበ ተፈሪ፣ ስደሰት ጭሮ እላታለሁ፤ ሰሞኑን እንግዲህ አሰበ ተፈሪ ናት። ሻይ በስሙኒ፣ ሳምቡሳም በስሙኒ ነበር፤ ኪሱ ውስጥ ሽልንግ ያለው ሰው እንደ ባላባት እግሩን አነባብሮ ይቀመጣል። ከመነኻሪያው ዝቅ ብሎ ካሴት ቤት ነበር። ባለቤቱ ድምፅ ማጉያውን በሩ ላይ አውጥቶ አንዲት ዘፈን ቀኑን ሙሉ ያመላልሳታል፤ ክሩ ሲላላበት በእስክሪብቶ እያሽከረከረ ያጠብቀዋል። ቡና ጭነው ከመቻራ የሚመጡ መኪናዎች አቧራቸውን ይዘው እዚያ ሲደርሱ ሾፌሮቹ እንኳ ለዘፈኗ ሲሉ ፍጥነት ይቀንሱ ነበር። እኔ ጉልበቱ ላይ የነጣ ጂንስ ነበረኝ። ፋሽን ነበር፤ አዲሱን ሱሪ ጉልበቱን በድንጋይ ፈትገን ነበር የምናነጣው። ጉልበት በነፃ የሚታደል ነገር ይመስለን ነበር መሰለኝ። በዚያ ጂንስ ነው የምልምሎች መኪና ላይ የወጣሁት። ከጎኔ አንድ ቀጭን የበደሳ ልጅ እናቱ የሰጠችውን የተቆላ በቆሎ ታቅፎ ተቀምጧል። «ያ ጃሌ፣ ብላ፣» አለኝ። ጓደኛዬ፣ ማለቱ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ጀማልና እኔ ተለያይተን አናውቅም፤ እሱ ጫት ነጋዴ ሆኖ በአይሱዙ ይመላለሳል፣ እኔ እዚሁ ቀረሁ፤ ቢሆንም አልተለያየንም።

ግንባር ላይ ሞርታር ደረሰን። ቱቦውን ጀማል ይሸከማል። ከሥር የሚቀመጠውን ብረት እኔ እሸከማለሁ። ያ ብረት የአንድ በሬ ክብደት ነበረው። እሺ፣ የጥጃ ይሁን፤ ግን በደንብ የጠባ ጥጃ ነው። ሽቅቡን አልፈራውም ነበር፤ ሽቅብ ሲሆን ሳንባ ነው የሚያመው፣ ሳንባ ደግሞ ሲያርፉ ይመለሳል። የበላኝ ቁልቁለቱ ነው። ብረቱ ጀርባዬ ላይ ሆኖ በየድንጋዩ ላይ ስረግጥ ጉልበቴ ውስጥ ጠጠር የሚፈጭ ይመስለኝ ነበር። አንድ ጊዜ ጀማልን ወባ ጣለው፤ ያን ሰሞን ቱቦውንም ብረቱንም እኔ ወሰድኩ። ያቺን የካሴት ቤቱን ዘፈን እያንጎራጎርኩ ነበር የምወርደው። እሱ ከኋላዬ ጥርሱን እያንገጫገጨ «አቦ፣ ቢያንስ ሌላ ዘፈን ቀይር!» ይለኛል። ሌላ አላውቅም ነበር።

ዛሬ ጠጠሩ በየቀኑ ይፈጫል። ራጁን ያየው የሆስፒታል ሐኪም ወጣት ነው፣ ከሌላ አገር የተመደበ፤ ነገር መሸፋፈን አልለመደም። «ጋሼ፣ በሁለቱም ጉልበትዎ መገጣጠሚያው አልቋል፤ አጥንት ከአጥንት ነው የሚፋጨው። ቀዶ ጥገና ካላገኙ ዓመት ሳይሞላ በእጅዎና በጉልበትዎ ነው የሚሄዱት፣» አለኝ። ቀዶ ጥገናው አዲስ አበባ ነው፤ በራሴ አቅም የማይታሰብ ነው። ግን ጉልበቴ የተጎዳው በውትድርና አገልግሎት ላይ ነው ተብሎ ከተወሰነልኝ የጉዳት አበሉም ሕክምናውም ይፈቀድልኛል። ነገሩ በሙሉ ይህ ነው፤ ወይ ይወሰንልኛል፣ ወይ እድኻለሁ። የጫት መጋዘን ጥበቃ ሆኜ እሠራ ነበር፤ ቆሜ መዋል ሲያቅተኝ ተሰናበትኩ። አሁን ባለቤቴ ብርቄ ናት ቲማቲምና ሽንኩርት በኬሻ እየተሸከመች ገበያ የምታወጣው። ማታ ስትገባ ወገቧን ይዛ ግድግዳው ላይ ትደገፋለች። እኔ ተቀምጬ አያታለሁ። ቀልድ እነግራታለሁ። ድሮ ትስቅ ነበር።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት የሕክምና ቦርድ ፊት ቀረብኩ። ሰው እንዲያዝንለት የሚቀርብ ሰው እንዴት እንደሚለብስ ማንም አልነገረኝም። እኔ ለሰልፍ እንደምቀርብ ነበር የተዘጋጀሁት፦ ኮቴ ተተኩሷል፣ ጺሜ ተላጭቷል፣ ጫማዬን ብርቄ እስኪያብረቀርቅ ወልውላዋለች። በሩ ላይ ስም የሚጠራው ሰውዬ የድሮ ወታደር ነበር፤ ድምፁን ስሰማው ነው ያወቅሁት። «አስር አለቃ ታደሰ!» ብሎ ከሆዱ ጮኸ። ወገኖቼ፣ እኔ አይደለሁም የተነሳሁት፤ ጆሮዬ ነው ይዞኝ የተነሳው። ብድግ! ተረከዜን አጋጨሁት፣ የክፍሉ መስኮት ተንቀጠቀጠ። በወታደር እርምጃ ገብቼ ሦስት ሐኪሞች ፊት ሰላምታዬን ሰጠሁ። ጉልበቴ ውስጥ እሳት ይነድዳል፣ ፊቴ ላይ ግን ዝንብ አልተነቃነቀችም። «ይቀመጡ፣» አሉኝ። «ቆሜ ይሻለኛል ጌታዬ!» አልኩ። እውነቱ፣ ከተቀመጥኩ እነሱ እያዩኝ መነሳት ስለማልችል ነው። አንደኛዋ ሐኪም ወረቀቷ ላይ እያየች «ደረጃ ይወጣሉ?» አለችኝ። «እንኳን ደረጃ፣ ተራራ ወጥቻለሁ!» «ያለ ሰው እርዳታ ይለብሳሉ?» «የኮቴን አተኳኮስ አያዩትም?» «ሽንት ቤት ራስዎን ችለው ይጠቀማሉ?» ልጄን የምታህል ሴት ናት። «እንደ ንጉሥ!» አልኳት። ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ደስ የሚል ሰው ነው ሳይሉኝ አልቀሩም። ወጥቼ ጥጉን እንደታጠፍኩ ጉልበቴ ከዳኝና አጥር ላይ ተለጠፍኩ፤ አንድ ባለ ባጃጅ አግኝቶኝ እንደ ጣውላ አጋድሞ ነው የጫነኝ። ውሳኔው ሲመጣ «ያለ ድጋፍ ቆሞ ይሄዳል፤ የመገጣጠሚያው ችግር ከዕድሜ ጋር የመጣ እንጂ ከአገልግሎት ጋር የተያያዘ አይደለም» ይላል። አልፈርድባቸውም። እነሱ ያዩትን ጻፉ። እኔ ነኝ ያላሳየኋቸው።

ጀማል ይህን ሲሰማ ለአንድ ሳምንት አላናገረኝም። ከዚያ ይግባኙን ራሱ ተሯሩጦ አስገባልኝ። ድሬዳዋ የሚቀመጠው የይግባኝ ቦርድ ለሐሙስ ሲቀጥረን ደግሞ አሠልጣኝ ሆኖ መጣ። መነኻሪያው አጠገብ ዘይነባ ሻይ ቤት አግዳሚው ላይ አስቀመጠኝና ከደጅ ወጥቶ «አስር አለቃ ታደሰ!» ብሎ ይጮኻል። እኔ ብድግ እላለሁ። «አቦ! አትነሳ አላልኩህም?» «ጆሮዬ ነው ጀማል፣ ጆሮዬ!» «ጆሮህን እቆርጠዋለሁ ወላሂ። ተቀመጥ። እንደገና።» ይጠራል፣ እነሳለሁ። ሻይ የሚጠጣው ሁሉ እየሳቀ ስኒውን አስቀመጠ። ዘይነባ ከመጋረጃው ውስጥ ብቅ ብላ «ጋሼ ታደሰ፣ የኔ አግዳሚ ከእርስዎ ጉልበት በፊት ሊሰበር ነው፣» አለችኝ። በመጨረሻ ጀማል የጫት እስር የሚታሰርበትን ገመድ ከመኪናው አምጥቶ በቀበቶዬ በኩል ከአግዳሚው ጋር ጠፈረኝ። ጠራኝ። ተነሳሁ፤ አግዳሚውም አብሮኝ ተነሳ፤ ጫፉ ላይ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ሻያቸውን ደረታቸው ላይ ደፉት። ጀማል መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመና አየኝ፤ ላቤ ግንባሬ ላይ ችፍ ብሏል፣ የአግዳሚውን ጠርዝ ጨብጬ መተንፈስ አቅቶኛል። «ጃሌ፣ እንዲህ ነው የሚያምህ?» አለኝ ቀስ ብሎ። «ምን ላድርግ ብለህ ነው፣» አልኩት፣ «አግዳሚው ከበደኝ።»

ሐሙስ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የጀማል አይሱዙ መነኻሪያው በር ላይ ሊጠብቀኝ ተቀጣጠርን። ለእኔ ብሎ ጋቢናውን በፍራሽ አመቻችቶ ነበር። እኔ አልመጣሁም። ስልክ ደወለ፣ አላነሳሁም። ደጋግሞ ደወለ። መኪናው ላይ ያለው ጫት በሰዓቱ ካልደረሰ ይጠወልጋል፤ ቢሆንም ሞተሩን አስነስቶ እያጠፋ ጠበቀኝ። በመጨረሻ ሄደ። ቦርዱ ስሜን ጠራ፤ እዚያም የድሮ ወታደር ካለ ከሆዱ ጮኾ ይሆናል። ያን ዕለት ብድግ የሚል ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የጠየቀኝን ሰው ሁሉ በልኩ አስቄዋለሁ። ለጎረቤቴ፣ ጅብ መንገድ ላይ አግኝቶኝ ስለ ጉልበቴ ሲያማክረኝ ረፈደ፣ አልኩት። ለዘይነባ፣ አሰቦት ገዳም ጸበል ሄጄ መነኮሳቱ በቀልዴ ተጠምደው አላስወጣ አሉኝ፣ አልኳት። ለእድር ዳኛው ሐሙስ መሆኑን ረሳሁት አልኩ፤ እሱ አልሳቀም። ውሸት አይከብደኝም፤ አገር ያውቀኛል፤ የኔ ውሸት ማንንም አይጎዳም ብዬ ነው የኖርኩት።

ታዲያ ቅዳሜ ጀማል ከአይሱዙው ወርዶ በቀጥታ ወደ እኔ መጣ። ሰላምታ የለ። ክንዴን ይዞ ዘይነባ ሻይ ቤት አስገባኝ፣ ያው አግዳሚ ላይ አስቀመጠኝ። ሻይ አዘዘ፤ አልጠጣውም።

«የት ነበርክ?»

«ጅቡ እኮ…»

«ጅቡን ተወው! ጅቡን አገር ሁሉ ሰምቷል። ለቦርዱ ጸሐፊ ደውዬ ለምኛለሁ። ለሰኞ ጠዋት ራሱ ይምጣና የቀረበትን በቂ ምክንያት ይናገር፣ በቂ ከሆነ ሌላ ቀጠሮ ይሰጠዋል፣ ካልመጣ ግን መዝገቡ ይዘጋል ብላኛለች። ተዘጋ ማለት አለቀ ማለት ነው። በቂ ምክንያት ምንድን ነው? ንገረኝ።»

«እንቅልፍ…»

«አንተ? ሌሊት ሙሉ ጉልበትህን ታቅፈህ የምታድር ሰው?» ሻዩን ወደ ጎን ገፋው። «ያኔ ቁልቁለቱ ላይ ወባ ሲጥለኝ ቱቦዬን ማን ነው የተሸከመው?»

«አህያ።»

«አንተ ነህ አህያው! አንተ ነህ። እኔ ዛሬ ሮጬ መኪና ላይ እወጣለሁ። አንተ…» እጁን ጉልበቴ ላይ አሳረፈ። ትኩስ ነበር እጁ። «ይሄ ግማሹ የኔ ነው አቦ። ለራስህ ባትል ለኔ ብለህ ንገረኝ።»

አፌን ከፈትኩ። እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ደጅ ያለው ሊስትሮ አሁንም ጫማ እየቀባ ነው፣ ሽታው በመጋረጃው ሥር እየገባ ነው። ድንገት እኔና እሱ ማሠልጠኛው ግቢ ውስጥ ቡትሳችንን አቅፈን የተቀመጥን መሰለኝ፤ እሱ «እንደ አንተ ቀጥ ብዬ የምቆመው እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቀኝ፣ እኔ የማሳየው። ለዚህ ሰው እንዴት አድርጌ ነው የምነግረው? «ሙሽሮች መንገድ ዘግተውብኝ ነው፣» አልኩ። ጀማል አልተቆጣም። ዓይኑን ወደ ታች ሰደደ፣ ጫማዬን አየው። ክሩ አልታሠረም፤ ብርቄ ቀድማኝ ወጥታ ስለነበር ያለ ክር እየጎተትኩ ነው የመጣሁት። ጎንበስ አለ፤ በደሳ ላይ መጋዘን ያለው፣ ሐጂ የሚባል ሰው፣ እግሬ ሥር ተንበርክኮ ሁለቱንም ጫማዬን አሠረልኝ። «ይሄንንም አትችልም?» አለኝ ቀና ሳይል። «ፋሽን ነው፣» አልኩት፤ «ዘንድሮ ክር አይታሠርም።» ማንም አልሳቀም። ዘይነባም መጋረጃዋን መለሰች። ጀማል ተነሳና «ሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት መኪናው በርህ ላይ ይቆማል። በርህ ላይ። ኢንሻ አላህ ትናገራለህ፣» ብሎ ሄደ።

ቤት ስገባ ጀማል ያለኝን ለብርቄ ነገርኳት። ኬሻዋን እያጣጠፈች አዳመጠችኝ። «ካልተናገርክ እኔ አብሬ ሄጄ እናገራለሁ፣» አለች።

«ሞቼ ነው!»

«እንግዲያው ራስህ ተናገር። እስቲ እኔ ላይ ሞክረው። እኔ ቦርዱ ነኝ። አቶ ታደሰ፣ ሐሙስ ዕለት ለምን ቀሩ?»

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ክብርት ሰብሳቢ፣ ዙፋኔን ትቼ መነሳት አላስቻለኝም፣» አልኩ። ፊቷን አየሁት። እንደ ድሮው ልትስቅ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ኬሻውን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች፤ አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማኋት። ከዚህ በፊት ቀልዴ አላሳቃት ሲል አይቻለሁ፤ አስለቅሷት ግን አያውቅም ነበር።

ስለዚህ ዛሬ እሑድ በፀሐይ፣ ደጅ ላይ ተቀምጬ ሰኞ የምናገረውን እዚህ ላይ እለማመደዋለሁ። ወፍ የለም፣ ጅብ የለም።

ሐሙስ ዕለት ብርቄ ቲማቲም ልትረከብ ገና ሳይነጋ ወጣች። እኔ ለጉዞው ለብሼ፣ ኮቴን ከነስልኬ የቤታችን በር ላይ ሰቅዬ፣ ከመሄዴ በፊት ግቢያችን ጥግ ያለው ሽንት ቤት ገባሁ። ሽንት ቤታችን የጉድጓድ ነው፣ ቁጢጥ ተብሎ የሚቀመጡበት። ቁጢጥ ካልኩ ብቻዬን መነሳት ካቆምኩ ቆይቷል፤ ሁልጊዜ ብርቄ ናት በብብቴ ገብታ የምታነሳኝ። ያን ዕለት በደስታ ረስቼው ነው፣ ወይም የምችል መስሎኝ ነው። የግድግዳውን ቆርቆሮ ይዤ ታገልኩ፤ እጄን ቆረጠኝ እንጂ አላነሳኝም። ስልኩ ሲጮኽ ይሰማኛል፤ ጀማል መሆኑን አውቃለሁ። ጎረቤቴ ከአጥሩ ወዲያ እንጨት ይፈልጥ ነበር፤ ብጣራ ይደርስልኝ ነበር፤ ሱሪዬ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ነውና አልተጣራሁም። ብርቄ ከገበያ ተመልሳ በሩን ስትከፍተው እዚያው ነበርኩ።